መጠጥ ማቆም፦ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ያሉት 5 ቀናት

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከጅማ ከተማና ከአጎራባች ወረዳዎች ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ መጠጥ ማቆምን የሚመለከቱትን ለይተን አንድ ላይ አቅርበናል። መልሱን ያዘጋጁት በአእምሮ ሕክምናና በሱስ ክትትል ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም ሆን ብለን ትተናል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። ቀድሞ ማታ ማታ ነበር የሚጠጣው። አሁን ግን ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ሁለት መለኪያ አረቄ ካልቀመሰ እጁ ሲኒ አይዝም፤ ቡናውን እኔው ነኝ ይዤ የማጠጣው። ከወንድሞቹ ጋር ተመካክረን ሁዳዴ ሲገባ ቤት ዘግተንበት ልናስቆመው አስበናል። እናቱ ደግሞ ጠበል ይሂድ ይላሉ። የቱ ይሻላል? ሐኪም ቤት ብንወስደውስ ምን ያደርጉለታል? (ከቆጪ፣ ጅማ)

መልስ፦ ቤት መዝጋቱን ይተዉት። ካሰባችሁት ሁሉ አደገኛው እሱ ነው።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁ ነገር “እጁ ሲኒ አይዝም” ያሉት ነው። በማርከሻ የሚነሳ ሰው ሰውነቱ ያለ አልኮል መሥራት አቅቶታል። አልኮል አንጎልን ያረጋጋል። ለዓመታት በየቀኑ ሲገባበት አንጎል ደግሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ የራሱን መቀስቀሻ እየጨመረ ይሄዳል። አልኮሉ በአንድ ቀን ሲቀር መቀስቀሻው ያለ ተቆጣጣሪ ይቀራል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልቡ መምታት፣ እንቅልፍ ማጣቱ የዚህ ውጤት ነው፤ ልፍስፍስነት ወይም ማስመሰል አይደለም።

ሰዓቱን ከመጨረሻው መለኪያ ጀምረው ይቁጠሩ። ከ6 ሰዓት በኋላ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይጀምራል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ አንዳንዱን ሰው ይጥለዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ወድቆ የማያውቀውን ሰው እንኳ። ከ12 ሰዓት በኋላ ግድግዳ ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ የሚያይ፣ ሰው ሳይጠራው “አቤት” የሚል አለ። የከፋው ከ48 እስከ 96 ሰዓት የሚመጣው ነው፦ ትኩሳት፣ የደም ግፊት መውጣት፣ ያለበትን ቦታና አጠገቡ ያለውን ሰው መሳት፣ መሸበር፣ መቃዠት። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜው ከታከመ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበትን እንንገርዎ። ሁለቱ ቀን በመንቀጥቀጥ ብቻ ካለፈ “በረታ፣ አለፈለት” ተብሎ አስታማሚው ሊተኛ ይሄዳል። በሦስተኛው ሌሊት ሰውዬው “መጡብኝ” ብሎ ይነሳል። ይህ ቤት ውስጥ ሲሆን “አበደ” ይባላል፤ ጠበል ቦታ ሲሆን ደግሞ “ጮኸበት” ተብሎ ይታሰራል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ግን መርፌ፣ ፈሳሽና ቪታሚን ነው። የታሰረ ሰው እየታገለ ይበልጥ ይግላል፣ ውሃም ያጣል።

ጠበሉን አንቃወምም፤ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው የምንለው። የመጀመሪያዎቹን ከ5 እስከ 7 ቀናት በሕክምና ያሳልፍ። እህል መብላት ሲጀምር፣ እንቅልፉና አነጋገሩ ሲስተካከል ይሂድ፤ የታዘዘለት መድኃኒት ካለም አብሮት ይሂድ። ባዶ ሆድና ቀዝቃዛ ውሃ በመጠጥ ማቋረጫ ቀናት ላይ ሲደረቡ ሰውነት አይችላቸውም። ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ሲገባ “ከዛሬ ጀምሮ” ብለው በአንድ ቀን የሚያቆሙ ሰዎች ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን ከጾሙ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሐኪም ጋ ይጀመር።

አሁን ወደ ሕክምናው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ በተመደባችሁበት ጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር ወረቀት ያዙ። እሱን ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው ከኪሳችሁ ሊሆን ይችላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሰውዬው ከወደቀ፣ ከተቃዠ ወይም ደም ካስመለሰው ግን ወረቀት ፍለጋ አትዙሩ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ይህን ጻፉ፦ በቀን ምን ምን፣ ስንት ይጠጣል፤ መጨረሻ የጠጣው ስንት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚህ በፊት ለማቆም ሲሞክር ወድቆ ወይም ተቃዥቶ ያውቃል ወይ፤ ሰሞኑን ወድቆ ጭንቅላቱን መትቷል ወይ፤ ጫት ይቅማል ወይ፤ የሚወስደው ሌላ መድኃኒት አለ ወይ። ወንዶች ሐኪም ፊት ሲቀርቡ መጠኑን በግማሽ መናገር ይቀናቸዋል። እሱ ደግሞ መድኃኒቱ በግማሽ እንዲታዘዝ ያደርጋል።

መጠኑን ማስላት ከባድ አይደለም። የመጠጡን ሚሊ ሊትር በጥንካሬው (በመቶኛው) አባዝተው ለ100 ያካፍሉ፤ ከዚያ በ0.8 ያባዙት፤ ንጹሕ አልኮሉን በግራም ያገኛሉ። ዳግም አረቄ 45 ከመቶ ገደማ ነው ብንልና መለኪያው 50 ሚሊ ሊትር ቢይዝ 18 ግራም ይሆናል። ባለ 5 ከመቶ፣ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ነው። ስለዚህ በቀን 10 መለኪያ የሚጠጣ ሰው ወደ 14 ጠርሙስ ቢራ እየጠጣ ነው። “እኔ እኮ ትንሽ ትንሽ ነው የምቀምሰው” የሚሉ የአረቄ ጠጪዎችን ይህ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣቸዋል።

ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ዳያዜፓም ነው። አልኮሉ ሲሰጠው የነበረውን መረጋጋት ለጥቂት ቀናት ተክቶ፣ ከዚያ ቀስ እያለ እንዲወጣ ይደረጋል። የተለመደው አካሄድ በመጀመሪያው ቀን 10 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በሁለተኛው በየ8 ሰዓቱ፣ በሦስተኛው ጠዋትና ማታ፣ በአራተኛው ማታ ብቻ፣ ከዚያ ማቆም ነው። ይህን የምንነግርዎ አሰጣጡን እንዲከታተሉ ነው፤ መጠኑ እንደ ሰውዬው ሁኔታ ከፍም ዝቅም ይላል። ጉበቱ ለተጎዳና ለአረጋውያን ቶሎ ከሰውነት የሚወጣ ሌላ መድኃኒት ሊመረጥ ይችላል።

ሁለተኛው ታያሚን ነው፤ ቪታሚን ቢ1 ማለት ነው። ለአንዳንዶች በቀን 100 ሚሊ ግራም ክኒን ይበቃቸዋል። ለከሱ፣ ለሚያስመልሳቸውና ግራ ለተጋቡ ግን በመርፌ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠጣ ሰው ምግብ አይበላም፤ አንጀቱም ቪታሚኑን በደንብ አይቀበልም። ቢ1 ያለቀበት አንጎል ላይ ግሉኮስ ሲገባ የቀረችውን ጥቂት ቢ1 አሟጦ ይጨርሳትና ሰውዬው ዓይኑ ይንከራተታል፣ አረማመዱ ይዛባል፣ የማስታወስ ችሎታው ለዘለቄታው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ “ደክሞታል፣ ግሉኮስ ይተከልለት” ብሎ ሰፈር ክሊኒክ መውሰድ መልካም መስሎ ጉዳት ያመጣል። የሚወስዱት ሰው የመጠጥ ታማሚ መሆኑን ቀድመው ተናግረው “ቢ1 መጀመሪያ ይሰጠው” ይበሉ። አያፍሩ፤ ጥሩ ባለሙያ ያመሰግንዎታል።

ተኝቶ ይታከም ወይስ ቤት ሆኖ ይመላለስ? ከዚህ በፊት ያንፈራገጠው ወይም ያቃዠው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ሆዱ ያበጠ፣ ትኩሳት ያለበት፣ በዕድሜ የገፋ፣ ነፍሰ ጡር፣ ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያወራ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ጠጪ ያለበት ሰው ተኝቶ ይታከም። ባለቤትዎ ያለ ማርከሻ መነሳት ካቃተው እኛም ወደ አልጋው እናደላለን። ቤት ሆኖ የሚመላለስ ከሆነ የማይጠጣ ሰው 24 ሰዓት አብሮት ይኑር፤ መድኃኒቱን ያ ሰው ይያዘው፤ ሰውዬው በየቀኑ ለባለሙያ ይታይ።

ቤት ውስጥ፦ ክፍሉ ጸጥ ያለ ይሁን፤ ማታ ግን መብራት አታጥፉ፤ ጨለማው ቅዠቱን ያባብሰዋል። በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ፈሳሽ ትንሽ በትንሹ ስጡት። ካስመለሰው አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡለት፤ ሆዱ ወይም እግሩ ላበጠ ሰው ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥም። አጥሚት፣ ሾርባ፣ እንቁላል፣ ሙዝ፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት። ቡናውን ጠዋት አንድ ሲኒ ብቻ። ጅማ ላይ ተቀምጦ “ቡና ቀንሱ” ማለት እንደ ነውር እንደሚቆጠር እናውቃለን፤ ነገር ግን ቡና መንቀጥቀጡንና እንቅልፍ ማጣቱን ያባብሰዋል፣ እናንተም የበሽታው ይሁን የቡናው መለየት ያቅታችኋል።

ካንፈራገጠው በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። ክብሪት አታሽትቱት፤ ጥርሱ መሐል ማንኪያ አታስገቡ፤ እጅና እግሩን አትያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ነቅቶ ሳይስተካከል ከደገመው በቀጥታ ሆስፒታል። ቢነቃም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ አንድ ጊዜ ያንፈራገጠው ሰው ወደ ከባዱ ቅዠት የመሄድ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ በቀን 8 ጠርሙስ ቢራ እጠጣለሁ፤ አረቄ አልነካም። ጓደኛዬ “ቫሊየም ግዛና አምስት ቀን ተኛ፣ በቃ ይለቅሃል” አለኝ። ስንት ፍሬ ልግዛ? (ከአጋሮ)

መልስ፦ አንድም። ጓደኛዎ የነገርዎ መድኃኒት ከላይ ያነሳነው ዳያዜፓም ነው። መድኃኒቱ ትክክል ነው፤ ስህተቱ አወሳሰዱ ላይ ነው። በሁለተኛው ሌሊት ጭንቀቱ ሲበረታብዎ ክኒኑን ውጠው በላዩ ቢራ ቢጨምሩበት፣ ሁለቱም አተነፋፈስን ስለሚያዳክሙ ላይነቁ ይችላሉ። ክኒኑ ያለ ማዘዣ በእጅ ሲኖር ደግሞ “ለእንቅልፍ” እየተባለ ሳምንቱ ወር ይሆናል፤ ያኔ አንድ ሱስ ይዘው ገብተው ሁለት ሱስ ይዘው ይወጣሉ።

መጀመሪያ ይህን ይሞክሩ። ጠዋት፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ሁለት እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው ጣቶችዎን ይክፈቱና አንድ ቀላል ወረቀት በጣቶችዎ ላይ ያድርጉ። ወረቀቱ በጉልህ ከተርገፈገፈ፣ ላብም ካለ፣ ሰውነትዎ ለምዶታልና በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂዱ። የአጋሮ ሰው ነዎትና፣ ለሕክምናው ጅማ የሚመጡ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሌሊቶች ከተማው ውስጥ ዘመድ ጋ ቢያድሩ ይሻላል። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀን ቅርብ ነው፤ በሌሊት ግን ሰው ወድቆ መኪና ሲፈለግ ሩቅ ነው።

ወረቀቱ ጸጥ ካለና ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ምንም ካልገጠመዎ፣ ቀስ በቀስ መቀነስ ይችላሉ። በየ4 ቀኑ አንድ ጠርሙስ ይቀንሱ፤ ከ8 ወደ 0 አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። የቀን መቁጠሪያ ላይ ማታ ማታ የጠጡትን ቁጥር ይጻፉ፤ ነገ እጽፋለሁ ያሉት ቁጥር ሁልጊዜ ያንሳል። አንድ ቀን መንቀጥቀጥ ከመጣ በፍጥነት ቀንሰዋልና በቀደመው ቁጥር ላይ ለአንድ ሳምንት ይቆዩ። ወደ አረቄ ቀይሬ ልቀንስ አይበሉ፤ የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ምን ያህል እንደቀነሱ አያውቁትም። ሁለት ጊዜ ሞክረው ቁጥሩ ተመልሶ ከወጣ፣ ይህ መንገድ ለእርስዎ አልሆነም፤ ሦስተኛ ዙር አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምሠራው፣ 24 ዓመቴ ነው። ከምሳ በኋላ ጫት እቅማለሁ፤ ማታ ለጨብሲ አምስት ስድስት ቢራ ወይም ጂን እጠጣለሁ። መጠጡን ብቻ ማቆም ነው የምፈልገው። ጫቱ ችግር አለው? (ከመርካቶ፣ ጅማ)

መልስ፦ አለው፤ ያውም ዋናው ችግር እሱ ነው። ጫት ይቀሰቅሳል፣ አልኮል ያወርዳል። አንተ ማታ የምትጠጣው ቢራው ጣፍጦህ ሳይሆን ምርቃናውን ለመስበር ነው። መጠጡን አቁመህ ጫቱን በዚያው ሰዓት ከቀጠልክ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ዓይንህ ፈጦ፣ ልብህ እየመታ፣ እንቅልፍ የሌለህ ሰው ሆነህ ትቀመጣለህ። ያንን ሰዓት በወኔ ብቻ ሳምንት የዘለቀ እምብዛም አናይም።

ጫት ማቆም እንደ መጠጥ ማቆም ለሕይወት አያሰጋም። ድካም፣ ብዙ እንቅልፍ፣ መጥፎ ሕልም፣ መከፋት፣ መነጫነጭ ይኖራል፤ አብዛኛው በአንድ ሁለት ሳምንት ይቀላል። ሁለቱንም አብረህ ብትተው ይመረጣል። “ጫቱን አሁን አልችልም” ካልክ ግን ቢያንስ እንዲህ አድርግ፦ መቃሚያውን ወደ ጠዋት አምጣው፣ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ አትቃም፣ እሽጉን በየሳምንቱ በሩብ ቀንስ። ማታ ከመቃሚያ ቤቱ በቀጥታ ወደ ቡና ቤት የሚወስድህን መስመር ቀይር፤ ባጃጅህን ለባለቤቱ የምታስረክብበትን ሰዓት አሳጥረው። እንቅልፍ እስኪመለስ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ስጠው።

ለሐኪም ስትቀርብ ጫቱን አትደብቅ። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ስለሚያወጣ፣ የመጠጥ ማቋረጥ ምልክት መስሎ ሐኪሙን ያሳስተዋል። በሕክምናው ቀናት ደግሞ ጨርሶ አይቃምም። ዳያዜፓም እየወሰድክ ባጃጅ መንዳት የለብህም፤ ያ ሳምንት ገቢ የሌለው ሳምንት መሆኑን ቀድመህ አስብበት። ብዙዎች ሦስተኛው ቀን ላይ ሕክምናውን የሚያቋርጡት አሟቸው ሳይሆን የቀን ገቢ ስለጠየቃቸው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ አቁም ብለው አልሰማኝ አለ። መጠጥ የሚያስጠላ ክኒን አለ ብለውኛል። ወጥ ውስጥ ፈጭቼ ብጨምርበትስ? (እናት፣ ከጅሬን)

መልስ፦ እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባናል፤ ይህን ግን አያድርጉ። ክኒኑ ዳይሰልፊራም ይባላል። መጠጡን አያስጠላም፤ አልኮል ሰውነት ውስጥ በመንገድ ላይ ሳለ አፈራረሱን ያግደውና መርዛማ የሆነው ክፍል እንዲጠራቀም ያደርጋል። ክኒኑን የወሰደ ሰው በጠጣ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሊሞት ይችላል። ልጅዎ ክኒኑን መውሰዱን ካላወቀ ደግሞ መጠጣቱን አይተውም፣ ምን እንደያዘውም ለሐኪም መናገር አይችልም።

እያወቀና ወድዶ ሲወስደው ግን ለአንዳንዱ ሰው በጣም ይረዳል፤ በተለይ ጠዋት ጠዋት እናቱ ወይም ሚስቱ ፊት ሲውጠው። የሚጀመረው ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 24 ሰዓት አልፎ፣ ጉበቱና ልቡ ታይቶ ነው። ካቆመውም በኋላ እስከ 14 ቀን ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ በእነዚያ ቀናት ጠላ እንኳ መቅመስ የለበትም፤ አልኮል ያለበት የሳል ሽሮፕም እንዲሁ። ልጅዎ ስካር ላይ ሳለ አይምከሩት። ጠዋት፣ ዞረ ድምሩ ይዞት ራሱን ሲወቅስ፣ አጭር ነገር ይንገሩት፦ “ማክሰኞ ካርድ አወጣለሁ፣ አብረን እንሂድ።” ስንት ጊዜ እንዳሳፈረዎት መቁጠሩን ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ስካር ቶሎ የሚያበርደው ቡና ነው፣ ቀዝቃዛ ሻወር ነው ወይስ ማስመለስ? (ከአጂፕ)

መልስ፦ አንዱም። ጉበት በሰዓት የሚያጣራው ከ7 እስከ 10 ግራም አካባቢ ነው፤ አምስት ቢራ የጠጣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያስፈልገዋል። ቡና የጠጣ ሰካራም የነቃ ሰካራም ነው። ማስመለስ ትን ሊያስብለው ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ እያናገራችሁት ካልነቃ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ጥያቄ፦ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ። ለሕክምና 10 ቀን ያስፈልግሃል ተብያለሁ። አለቃዬ ምክንያቱን ካወቀ ያባርረኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜዎን ከጨረሱ በሐኪም የተረጋገጠ የሕመም ፈቃድ ያገኛሉ፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። 10 ቀን በሙሉ ደመወዙ ወር ውስጥ ይወድቃል። ሲታመሙ በማግስቱ ለአሠሪው ያሳውቁ፤ ቢያንስ በስልክ። ሐኪሙ በሰርተፊኬቱ ላይ ምን እንደሚጽፍ አስቀድመው ያነጋግሩት፤ የዕረፍቱን ቀናት ብቻ እንዲጠቅስ መጠየቅ ይችላሉ። በሌላ በኩል ሰክሮ ሥራ መግባት በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ወስዶ መታከሙ ከዝምታው ይልቅ እንጀራዎን ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ተኝቼ ታክሜ 70 ቀን ያህል ሳልቀምስ ቆየሁ። ቡና ለቀማ ደርሶ ገንዘብ እጄ ሲገባ፣ ከነጋዴዎቹ ጋር አንድ ብርሌ ጠጅ ብዬ ጀመርኩና ይኸው ሁለት ሳምንቴ ነው። እንደገና ልሂድ ወይስ ራሴ ላቁመው? የፊተኛውን እኮ አልፌዋለሁ። (ከሊሙ ገነት)

መልስ፦ ይሂዱ፤ ራስዎ አያቁሙት። የፊተኛውን ስላለፉት ሁለተኛው የሚቀል ይመስልዎታል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አንጎል እያንዳንዱን ማቋረጥ ያስታውሰዋል፤ በየዙሩ ይበልጥ እየተቀሰቀሰ ይሄዳል። መጀመሪያ እጅ ብቻ የተንቀጠቀጠበት ሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሊወድቅ ይችላል። የጠጡት አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቢያቆሙ አይጎዳዎትም ነበር፤ በየቀኑ ሁለት ሳምንት ሲሆን ግን ነገሩ እንደ አዲስ ይታያል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ከ70 ቀን በኋላ ሰውነትዎ የድሮውን መጠን አይችልም። ያኔ አምስት ብርሌ ይችል የነበረ ሰው ዛሬ በአምስቱ ራሱን ሊስት ይችላል።

ሐኪሙን ስለ ናልትሬክሶን ይጠይቁት። ብዙውን ጊዜ በቀን 50 ሚሊ ግራም ይወሰዳል፤ የመጀመሪያው ብርሌ የሚሰጠውን ደስታ ስለሚቀንስ ሁለተኛውን ለማለት ያለው ጉጉት ይቀንሳል። ጉበት ተመርምሮ ነው የሚጀመረው፤ ሞርፊን ቢጤ ማስታገሻ ለሚወስድ ሰው አይሰጥም። መኖሩንና ዋጋውን ቀድመው ያጣሩ፤ አንድ ወር ወስዶ በእጥረት ምክንያት ከመቋረጥ፣ የሦስት ወሩን አስቦ መጀመር ይሻላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ለቡና ገበሬና ነጋዴ ፈታኝ ነው፤ ክፍያውም ግብዣውም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። ሒሳቡ በባንክ ወይም በስልክ ይግባ፤ ወይም የሚከፈልበት ቀን ባለቤትዎ ወይም ወንድምዎ አብሮዎት ይሂድ። ድርድሩ ጠጅ ቤት ከሆነ “ሐኪም ከልክሎኛል፣ መድኃኒት ላይ ነኝ” ይበሉ። “አቁሜያለሁ” ካሉ ሁሉም ይከራከርዎታል፤ “መድኃኒት ላይ ነኝ” ላለ ሰው ግን ጋባዡ ራሱ ለስላሳ ያዝለታል። ሐራራው ሲመጣ ሰዓት ይመልከቱ፤ አብዛኛው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፤ በተለይ ሆድ ከሞላና ከነበሩበት ቦታ ከተነሱ። ባዶ ሆድና ሐራራ ይመሳሰላሉና መጀመሪያ ይብሉ።

ከቆመ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰማዩ የጠቆረ የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ ምንም አያስደስትም። ከሦስት ከአራት ሳምንት በኋላም ካልቀለለ፣ ወይም መሞትን ማሰብ ከመጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ፤ ለዚያ የራሱ ሕክምና አለው። ባለፈው የተሰጠዎትን ካርድ ከጣሉት ስምዎንና የታከሙበትን ወር ተናግረው ማኅደርዎን ያስፈልጉ። ባለፈው የትኛው መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን እንደሠራልዎ እዚያ ተጽፏል።